መልአኩ ያዘዘው መድኃኒት

ታናሽ እህቴን የሚጥል በሽታ የያዛት ሂርና ሳለን ነው፤ ጭሮ ሆስፒታል በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ታዘዘላት። ጎረቤታችን «ጋኔን ነው፤ ክኒኑን አስትተሽ ጠበል ብቻ ውሰጃት» አለችኝ። ግራ ቢገባኝ ጭሮ ሄጄ የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ክኒን ከዋጠች ጠበሉ አይሠራም ይላሉ። እውነት ነው?»

«ልጄ፣ ጋኔን የለም አልልሽም። ግን የታመመ ሁሉ ጋኔን አለበት ያለው ማን ነው? በቅዱስ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው መልአኩም እኮ የታወረውን ሰው ያዳነው የዓሣ ሐሞት ለዓይኑ መድኃኒት አዝዞ ነው። ሁለቱንም እንዳታቋርጪ» አሉኝ።

ቆርጬ ተነሣሁ። ጠዋት ጠበል እወስዳታለሁ፤ ማታ ክኒኗን ፊቴ ትውጣለች። ሲያልቅባት በሚኒባስ ጭሮ ድረስ ሄጄ አመጣለሁ። ጎረቤታችን «እምነትሽ ጎደለ» ስትለኝ «አልጎደለም» ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ።

እህቴ መውደቋን ካቆመች ቆየች። አሁን ገበያ ብቻዋን ትሄዳለች።