የአባዬ ትኩስ ብስባሽ

ልጅ እያለሁ አየር ጤና በነበረው ቤታችን ጓሮ አባቴ የቆፈረው ጉድጓድ ነበር። የድንች ልጣጭ፣ አመድ፣ የተጠረገ ቅጠል፣ ሁሉም እዚያ ይጣላል። አባቴ ጋራዥ ውሎ ሲመጣ ልብሱን ሳይቀይር በአካፋ ያገላብጠዋል። መጀመሪያ አፍንጫ የሚያስይዘው ክምር እየቆየ ዝናብ የነካው አፈር ይሸት ነበር። ቆሻሻ እንዴት አፈር እንደሚሆን አይገባኝም ነበር።

አንድ ዓመት ችግኝ አፈላለሁ ብሎ ተነሳ። በተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖች ብስባሹን ሞልቶ ጥቅል ጎመን ዘራ፤ ለጎረቤቱም ሁሉ ችግኝ ቃል ገባ። ውሃ ማጠጣቱን ለእኔ ሰጠኝ። እንደዚያ የኮራሁበት ሥራ አላስታውስም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ውሃ ጠፍቷል፣ ቡቃያውም አንገቱን ደፍቷል። እናቴ ልብስ ያጠበችበት ውሃ ባኞ ውስጥ ነበርና ቀድቼ አጠጣሁት። በሦስተኛው ቀን ቡቃያው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ተኛ።

«ምን አደረግሽው?» አለኝ አባቴ።

«ምንም።»

ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ችግኛቸው ደርሶ እንደሆነ ሊያዩ መጡ። የሆነውን ሲሰሙ ወደ ጉድጓዱ ሄደው እጃቸውን ብስባሹ ውስጥ ከተቱ።

«ይሄ እኮ ገና ትኩስ ነው» አሉት። «ሥሩን ያቃጠለው እሱ ነው። ከርሞ፣ ከአፈር ተደባልቆ ነው የሚዘራበት። ልጅቷን ምን አድርጊ ትላታለህ?»

አባቴ ፊቴ ቁጢጥ ብሎ «ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ» አለኝ። ልጁን ይቅርታ የጠየቀ አባት በሰፈራችን አይቼ አላውቅም። ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ልበል? ቡቃያውን የፈጀው የሳሙናው ውሃ ይሁን ትኩሱ ብስባሽ እኔም አላወቅኩም። ደግሞ ይቅርታው ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ ውሃው ሳልነግረው ቀረሁ። በዓመቱ ያንኑ ብስባሽ ከአፈር ደባልቆ ዘራበት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ችግኝ ወሰደ።

ዛሬ ጓሮው ሲሚንቶ ለብሷል። እኔ ቤቴል፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ በከረጢት የተገዛ አፈር ላይ ሰላጣ አፈላለሁ። ምንም አይሸትም። ባለፈው እሁድ አባቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ አጠገቤ ሲቀመጥ ስለ ሳሙናው ውሃ ነገርኩት።

«የቱ ችግኝ?» አለኝ።

አስረዳሁት። በትዕግስት ሰማኝና ፈገግ አለ፤ ጨርሶ አላስታወሰም። ይቅርታ መጠየቁንም ረስቶታል። ያን ጊዜ ሁሉን የሚያውቀው እሱ፣ የምፈራው እኔ ነበርኩ። አሁን ያንን ይቅርታ የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ይገባኝ እንደነበር ወይ እንዳልነበር የምጠይቀው ሰው የለኝም።