ከታጁራ የሚመጣ ወሬ

እኔ ወሬ ማመን የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ «አየህ ወይስ ሰማህ?» ሳልለው አላልፍም። አባቴ አንኮበር ካሉት ደብሮች በአንዱ ቄስ ነበሩ፤ ይህን ጠባዬን አይወዱትም። «አንቺ እኮ ገብርኤል ራሱ መጥቶ ቢያበስርሽ ምስክር ትጠሪያለሽ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፣ እጠራለሁ።

በዚያ ዘመን ደግሞ ለማመን የሚመች ወሬ አልነበረም። ቱርኮች የምንላቸው ግብጾች ከሐረር ወጡ ይባላል፤ አልወጡም፣ ልብስ ቀይረው ተቀመጡ የሚልም አለ። ጣሊያን ምጽዋን ያዘ ሲባል ሰምተን ሳንጨርስ፣ እንግሊዝ ነው የሰጠው ይባላል። ባሌ የግቢ በር ጠባቂ ስለነበር ማታ ሲገባ ፈረንጆቹ ለንጉሡ ያሉትን ይዞልኝ ይመጣል። ፈረንሳዊው ይገባና «ጣሊያኑን አይመኑት፣ አገርዎን ሊወስድ ነው» ይላል። እሱ ሲወጣ ጣሊያኑ ይተካና «የፈረንሳዊው ጠመንጃ ዝገት የበላው ነው» ይላል። ከዚያ ሁለቱም በሩ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሳሳቃሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ባሌ በዓይኑ ስላያት፣ ከሁሉ ያመንኩት እሷን ነው።

ሌላው ሰው ይህን ሁሉ ለጨዋታ ይሰማው ይሆናል። የእኔ ወንድም ግን ታች በረሃው ነበር። ታላቄ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ፀጉሬን የሚያበጥርልኝ እሱ ነበር፤ አያውቅበትም፣ እያስለቀሰኝ ነው የሚያበጥረኝ። ጠመንጃ ሊያመጣ ከሚወርድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ጫኝ ሆኖ በአሊዩ አምባ በኩል ወደ ታጁራ ሄደ። ክረምቱ ሳይገባ እመለሳለሁ ብሎኝ ነበር፤ ክረምቱ ገባ፣ ወጣም። እንግዲህ እንግሊዝና ፈረንሳይ ወደብ ላይ ተጣሉ ማለት ለእኔ የወንድሜ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። የነገሥታቱን ስም እንኳ በቅጡ መጥራት የማልችል ሴት፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ለማወቅ እንቅልፍ አጣሁ።

መጀመሪያ የሚመጣው ወሬ ክፉና ደጉ የተደባለቀ ነበር። ጠመንጃው አሸዋ ላይ ተከምሮ ቀረ፤ በረሃው ላይ ጎሳ ከጎሳ ተጋጨ፤ ደግሞ አንዱ የግመል ነጋዴዎች ቅፍለት በሰላም አለፈ። እንዲህ ያለው ወሬ ቢያስጨንቀኝም ደስ ይለኝ ነበር። የተዘበራረቀ ስለሆነ የእውነት ይመስላል።

ከመስቀል በኋላ፣ የመጀመሪያ ልጄ ሆዴን መግፋት በጀመረበት ሰሞን፣ ወሬው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጣፈጠ። ባሌ እየሳቀ ይገባና «ፈረንጆቹ ታርቀዋል» ይለኛል።

«ወደቡስ?»

«ተከፍቷል።»

«በረሃውስ?»

«ሰላም ነው። ልጅ ብቻውን ያቋርጠዋል።»

አባቴን ስጠይቃቸው እሳቸውም ያንኑ በዚያው ቃል ይደግሙልኛል። ጎረቤቴ ሳትቀር ከአጥር ማዶ «ሰላም ነው አሉ እኮ!» እያለች ትጮህልኛለች። ጠረጠርኩ። ትናንት ሲካሰሱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ምን አስማማቸው? ጥጤን እየፈተልኩ ሳሰላስል ሰነበትኩና በመጨረሻ ነገሩ የተገለጠልኝ መሰለኝ። ፈረንጆቹ አገሪቱን በድብቅ ተካፍለዋል፤ እስኪጨርሱ ድረስ ሕዝቡ እንዳይሸበር የግቢ ሰዎች ደግ ደጉን ብቻ እንዲያወሩ ታዘዋል፤ ባሌም ከታዘዙት አንዱ ነው። በራሴ ብልህነት ኮራሁ።

ማስረጃም አላጣሁም። ለደብራችን ዕጣን የሚያመጡልን ሙስሊም ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ፣ የአሊዩ አምባ ሰው። ዕጣኑ የሚመጣው በዚያው በታጁራ መንገድ ነው። ያን ሰሞን አባቴ ቅዳሴ ላይ ጽናውን ሲያወዛውዙ ጢሱ ስስ ሆነብኝ። ሽታውም የተራ ዛፍ ሙጫ ነው፤ ዕጣኑ እንዳያልቅባቸው እየቀላቀሉ ነበር። ሽማግሌው ቤታችን ሲመጡ ያዝኳቸው።

«አባቴ፣ መንገዱ ክፍት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ክፍት ነው ልጄ።»

«ታዲያ ዕጣኑ የት ቀረ?»

«ግመሎቹ ታመውብኝ ነው።»

«ሁሉም?»

«ወላሂ፣ ሁሉም» አሉና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

እኚህ ሰው ዕቃቸውን ሲሸጡ እንኳ አይምሉም። አባቴ እስከ በር ሸኟቸውና ቆመው ሲያንሾካሹኩ አየሁ። ነጋዴውም ቄሱም ሴራው ውስጥ ገብተዋል አልኩ።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ቁጭ ይላሉ፤ ያዩትን ይነጋገራሉ፣ የሰሙትንም ከማን እንደሰሙት ለይተው ይነጋገራሉ። በዳጉ የዋሸ ሰው በጎሳው ፊት አይቆምም። ይህን ስሰማ «እነዚህስ የእኔ ዘመዶች ናቸው» አልኩ። ባሌን ስለት ላደርስ ነው ብዬ፣ በገበያ ቀን ጎረቤቴን አስከትዬ በበቅሎ ወደ አሊዩ አምባ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ለደህና ሰው እንኳ አይመችም፤ በቅሎዋ በረገጠች ቁጥር ወገቤ ይቆረጣል። ጎረቤቴ እንመለስ እያለች ትለምነኛለች። እኔ ደግሞ እሷንም ጠርጥሬያታለሁ።

ግመሎች ከሚራገፉበት ጥግ አንድ አፋር ብቻውን ተቀምጦ ገመድ ሲያጠብቅ አገኘሁ። ለገበያ የሚበቃ አማርኛ ያውቃል። ጋቢዬን ከአንገት እስከ እግሬ ተጠቅልዬ ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«ከታጁራ ነው የመጣኸው?»

«ከታጁራ።»

«ያየኸውን ንገረኝ። የሰማኸውንም ለይተህ ንገረኝ።»

ፈገግ አለ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው የደጋ ሰው ያለ አይመስለኝም። ገመዱን አስቀምጦ ነገረኝ። የተለያየ ባንዲራ የሰቀሉ መርከቦች አይቷል። ፈረንጅ የፈረንጅን ጀልባ አስቁሞ ሲበረብር አይቷል። የጠመንጃ ሣጥን አሸዋ ላይ እንደተከመረ፣ ጠባቂዎቹም በሣጥኑ ጥላ ሥር እንደተኙ አይቷል። ቱርኮች ከሐረር መውጣታቸውን ግን ሰምቷል እንጂ አላየም፤ የነገረው ከዚያ የመጣ የአጎቱ ልጅ ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አልታረቁም! እኔ ልክ ነበርኩ፣ ሁሉም ዋሽተውኛል!

«አንድ የእኛ አገር ሰው አላየህም?» አልኩት። «ረጅም ነው፣ ጆሮው ሥር ጠባሳ አለው። ከፈረንሳዊው ጋር ጫኝ ነበር።»

«ሲሄድ የሚያፏጭ?» አለኝ።

ወንድሜ ያፏጫል። በቄስ ቤት አይፏጭም እያሉ አባቴ ሲቆጡት ነው ያደገው። «አዎ! እሱ ነው!» ብዬ ከድንጋዩ ብድግ አልኩ። ስነሣ ጋቢዬ ከትከሻዬ ተንሸራተተ።

ሰውዬው ሆዴን አየ። ሊናገር የከፈተውን አፉን ገጠመ።

«ንገረኝ እንጂ! አየኸው ወይስ ሰማህ?»

ውሸት ልማዱ አይደለም፤ እውነቱን ደግሞ ለእኔ ሊናገር አልደፈረም። ዱላውን አነሣ፣ ገመዱንና ግመሎቹን እዚያው ትቶ ገበያው ውስጥ ገባ። ዞር ስል ጎረቤቴ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ይህን የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም፤ እኔም ለሌሎች ስደብቅ ኖሬያለሁ። ሴራስ በእርግጥ ነበረ፤ ግን የጣሊያንም የግቢም አልነበረም። የባሌ፣ የአባቴ፣ የሽማግሌውና የጎረቤቴ ነበር። እንግሊዝን ስጠረጥር፣ ፈረንሳይን ስጠረጥር፣ ፈረንጆቹን ያስታረቃቸው የራሴ ሆድ መሆኑ አንድ ቀን እንኳ አልታየኝም። ከዚያ ወዲህ ወሬ ሲነገረኝ «አየህ ወይስ ሰማህ?» ብዬ አላቆምም፤ «ለሌላ ሰው ቢሆን እንዲሁ ታወራለት ነበር?» እላለሁ።

ዳገቱን ስንወጣ አላለቀስኩም፤ ተናድጄ ነበር። ቤት ስገባ ባሌን ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። ከስቷል። ወንድሜ የልጅነት ጓደኛው ነበር። ደጅ ለብቻው ሲያለቅስ ውሎ፣ ፊቱን ታጥቦ ነበር እየሳቀ የሚገባልኝ።

«ስለትሽን አደረስሽ?» አለኝ።

«አደረስኩ። መንገዱም ሰላም ነው አሉ» አልኩት።

«አላልኩሽም?» ብሎ ተነፈሰ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ክርስትና ከተነሣች በኋላ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ውሻችን ጮኸ። አባቴ፣ ሽማግሌው ነጋዴና ዘመዶች ሁሉ ደጄ ላይ ቆመዋል፤ ባሌ ሊከፍትላቸው ተነሣ። ቀድሜው ከፈትኩት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ነበር። ክርስትናው ካለፈ ወዲህ በየንጋቱ እንዲያ ለብሼ ነው የምጠብቃቸው።

አባቴ ነጠላዬን አይተው ደነገጡ። «ማን ነገረሽ ልጄ?»

«ሆዴን ያየ ሁሉ» አልኳቸው።

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «አሊዩ አምባ ያገኘሁት ያ አፋር፣ አባቴ... አይቶት ነበር ወይስ ሰምቶ ነው?»

«በበረሃ ንዳድ ነው ልጄ። ንጉሥም ፈረንጅም አልነካው» አሉኝ፤ አልማሉም። «አይቷል። በእጁ የቀበረው እሱ ነው።»

ሌላ ምስክር አልጠራሁም። ያን ሁሉ ጊዜ የያዝኩትን ለቅሶ ለቀቅኩት።