ሰም ማቅለጫዬና የደብሩ ድምፅ ማጉያ

ጎረቤቴ እማሆይ ለደብሩ ጧፍ ይሠራሉ። ሰሙን በከሰል ሲያቀልጡት እሳቱ ከበረታ ይጠቁራል፤ ከሰነፈ ደግሞ ፈትሉ ላይ አይጣበቅም። የገና በዓል ሲቃረብ ግማሹ ሰም ጠቆረባቸውና፣ "አንቱ ሬዲዮ የሚፈታቱ፣ እሳትን ልክ ማስያዝ ይችላሉ?" አሉኝ።

አልችልም ማለት አልተማርኩም። "ቀላል ነው" አልኩ።

ቤቴ ውስጥ የአሮጌ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ከሰሙ ድስት ሥር አጠመድኩ። ወደ ሽቦው የሚሄደውን ኮረንቲ የምትቆጣጠረው ትራያክ ናት፤ ሦስት እግር ያላት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ዕቃ። አንዷን እግሯን ትንሽ ኮረንቲ ሲነካት በሯን ትከፍታለች፤ የኮረንቲው ሞገድ ዜሮ ሲደርስ ራሷ ትዘጋለች፤ ይኸንንም በሴኮንድ መቶ ጊዜ። እኔ እያንዳንዱን ሞገድ መኻሉ ላይ ጠብቃ እንድትከፍት አደረግኋት። ከዘገየች ይበርዳል፣ ከቸኮለች ይሞቃል። ማዞሪያዋን ስነካ ሰሙ ለጣቴ ሲታዘዝ እያየሁ ግማሽ ቀን ተጎለትኩ።

በማግሥቱ የደብሩ መሪጌታ አስጠሩኝ። ድምፅ ማጉያው እንደ ንብ ቀፎ ጢዝ እያለ ስብከት አላሰማ ብሏል። ሰሙ እንዳይቃጠል ማሞቂያዬን አጥፍቼ ሄድኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ ጠበቀኝ። አንድ ብሎን አጠበቅሁና ተመረቅሁ። ቤቴ ገብቼ ማሞቂያውን አበራሁ፤ እንደገና አስጠሩኝ። አጥፍቼ ሄድኩ፤ እንደገና ተመረቅሁ። በሦስተኛው ቀን እጄ ፈውስ እንዳለው ራሴም ሳምን፣ መሪጌታው "ለመሆኑ ምኑን ነክተው ነው?" አሉኝ።

"ብሎን" ብዬ ወጣሁ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ሬዲዮዬን ከማሞቂያው አጠገብ ከፈትኩ፤ ጢዝ አለች። ማሞቂያውን አጠፋሁ፤ ዝም አለች። ለካ ሞገዱን መኻሉ ላይ ስበጥሰው ጩኸት ሆኖ በዚያው በጋራ የኮረንቲ መስመራችን ደብሩ ይገባ ኖሯል።

ማሞቂያው ከበራ ስብከት የለም፤ ከጠፋ ጧፉ ለበዓሉ አይደርስም።

"እማሆይ፣ አንድ ቀን ይታገሡኝ።"

"ምን ተበላሸ?"

"እኔ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ማሞቂያውን ነው የጠየቅሁ።"

አንድ ሆቴል ከጣለው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ሞገዱ ዜሮ ላይ ሲሆን ብቻ ትራያክን የምትቀሰቅስ ቺፕ ፈታሁ። አሁን ሞገድ መቁረጥ ቀረ፤ ጥቂት ሙሉ ሞገድ ታሳልፋለች፣ ጥቂት ታስቀራለች። ሰም የሚሞቀውም የሚበርደውም ቀስ ብሎ ስለሆነ ልዩነቱን አላወቀውም። ሬዲዮዋ ግን አወቀችው፤ ጸጥ አለች።

ለመሪጌታው ሄጄ ተናዘዝኩ። "ምርቃት አንመልስም፤ አሁን ይሥሩበት" አሉ።

የበዓሉ ዕለት እማሆይ ጧፋቸውን አድርሰው አብረን ቆምን። ምን እንደተሰበከ አትጠይቁኝ። ጢዝ የሚል ነገር ስፈልግ ስብከቱ አለፈኝ።