የሐስሙክ ቅል

ሐስሙክ ቫጌላ የካልሲ ፋብሪካ ጡረተኛ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ ዳር ትንሽ የጓሮ አትክልት ቦታ እንደተከራየ፣ «እኛ እኮ ዘር ማንዘራችን ገበሬ ነው» ማለት አመጣ። ሲያፋጥጡት ግን ቀድሞ የሚስቀው ራሱ ነው። የተወለደው ካምፓላ፣ ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ ፎቅ ላይ ነው፤ እርሻ የሚያውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ዱዲ ዘራ፤ የእሱ ወገኖች፣ የሕንድ ጉጃራቶች፣ ወጥ የሚሠሩበት ረጅም ቅል ነው። ሁሉም ቀጨጨ። አንዱ ብቻ የሕፃን ልጅ ቁመት አከለ። ሐስሙክ ብርድ እንዳይመታው በሱፍ ሹራቡ ጠቀለለው።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን እንዲህ ሸፍነኸኝ ታውቃለህ?» አለች ሚስቱ ኒርማላ።

«አንቺ ለውድድር አትቀርቢማ!»

የአትክልተኞች ውድድር ቀን ለልጁ ሠርግ ያሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የድል ንግግሩን በመስታወት ፊት አጥንቶ ሄደ። ዳኛዋ አሮጊት እንግሊዛዊት ናቸው፤ ቅሉን ዞረው ዞረው አዩት።

«ዱባ ነው?»

«አይደለም፣ እመቤቴ።»

«ዝኩኒ?»

«እሱም አይደለም።»

«እንግዲያው ምድብ የለውም» አሉና፣ አፍንጫ ካወጣ ድንችና ሁለት እግር ካለው ካሮት አጠገብ፣ «አስቂኝ አትክልት» ከተባለው ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት። አንደኛ ወጣ።

ሐስሙክ ውስጡ ድብን አለ። ተናገር ሲሉት ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። «ወዳጆቼ» አለ፣ «እስከ ዛሬ የዚህ ሰፈር አስቂኝ እኔ ነበርኩ። ተተኪ ስላገኛችሁልኝ አመሰግናለሁ!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ።

የከተማው ጋዜጣ ላይ መላጣውና ቅሉ ጎን ለጎን ወጡ። ኒርማላ ከሂንዱ ቤተ መቅደስ ስትመለስ፣ «ሴቶቹ ተሸላሚው የትኛው ነው እያሉ በሳቅ ሊገድሉኝ ነው» አለችው።

የአትክልት ቦታ ጎረቤቱ ትሬቨር የሐስሙክ ስም ስለሚከብደው «ሃሪ» ነው የሚለው። ቅሉ የተበላ ቀን ተጋብዞ፣ በርበሬው እንባውን እያወረደው ሳህኑን ጠረገ፤ ዘርም ለምኖ ወሰደ።

በዓመቱ የትሬቨር ቅል ከሐስሙክ ቅል በለጠ። ሐስሙክ በቅናት አበደ፤ ሰላምታ ነፈገው። አንድ ጠዋት ግን በአጥሩ ሲያሾልቅ የትሬቨር ቅል ከክብደቱ የተነሳ ሐረጉን ሊገነጥል መድረሱን አየ። አጥሩን ዘሎ ገባ፤ ሱሪው ተቀደደ። የአንገት ልብሱን ፈትቶ ቅሉን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሲያስር ትሬቨር ደረሰ።

«ሃሪ፣ ልትሰርቀኝ ነው?»

«ዝም በልና ከታች ያዝልኝ!» አለ ሐስሙክ።