በርበሬ የመሰለኝ አደራ

ዛሬ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ያመጣሁት ፌስታል ውስጥ የነበረው ሁለት የጥይት ካርታ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የወታደሩ ልጄ የዳዊት ጓደኛ እናት ናት፣ "ለዳዊት አድርሺለት" ብላ የሰጠችኝ። የሰው አደራ አይከፈትም፤ በርበሬ መስሎኝ ነበር።

ዳዊት ሲከፍተው ደነገጠ።

"ማሚ፣ እነዚህ ሠላሳ ሠላሳ ጥይት ይይዛሉ! ሜሪላንድ ውስጥ ከአስር በላይ የሚይዝ መቀበል ክልክል ነው።"

"ወታደር አይደለህ እንዴ?"

"ይሄ እኮ ለሥራ ሳይሆን ለግሌ የተኩስ ልምምድ ነው። ከተያዝኩ ሥራዬን አጣለሁ።"

ወዲያው ይዤው ተመለስኩ። ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

ሴትየዋ በሯን ከፍታ "ምነው፣ አልወደደውም?" አትለኝም!

ቤቴ ገብቼም መቀመጥ አልቻልኩም። ልጄ በእጁ ነክቶታል፤ ተቀብሏል ይባል ይሆን?

እናንተስ፣ ምንነቱን ሳትጠይቁ ያደረሳችሁት አደራ አለ?