ልጄ ጥሎ መውጣትን ስትማር

ባለቤቴ እሳት አደጋ ሲቀጠር የሰጡት ሥልጠና አጭር ነበር። እሱ ራሱ ሲያወራው፣ «ቦቲ ሰጡኝ፣ ሄልሜት ሰጡኝ፣ ከዚያ አንድ ነባር ሠራተኛ መጣና ‹እኔን ተከተለኝ› አለኝ» ይላል። ተከተለው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሥራው ይኸው ነበር፤ ፎጣ አርጥቦ አፍንጫው ላይ ያስርና የቀደመውን ሰው ተከትሎ ጭስ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ደረጃውን ሲወጣ መሀል ላይ ቆሞ ማረፍ አለበት። ሲስል ግቢ ውስጥ ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤቶች ሳያዩት ያውቁታል። «አባባ መጡ» ይላሉ።

ስለዚህ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ትንሽ ከሠራች በኋላ፣ ምሳ እየበላን «እሳት አደጋ ልገባ ነው» ስትለን የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«የአባትሽን ሳል አትሰሚም?» አልኳት።

«ሰምቼማ ነው፣ እማዬ። አሁን እኮ እንደ ድሮው አይደለም። ሥልጠና አለው፣ የብቃት ፈተና አለው። ሳታልፊ እሳት ፊት አያቆሙሽም።»

አባቷ ሳቀ። «እሳት ሰርተፍኬት አያነብም። እሳት የሚፈልገው ልብ ነው» አለ። ግን ያን ቀን ከወትሮው የበለጠ በላ፤ ደስ እንዳለው ገባኝ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። ተማሪ ምን እንደሆነ አውቃለሁ የምል ሰው ነበርኩ። ሰው በጉልበቱ፣ በመዳፉ፣ በጀርባው ሲማር ያየሁት ግን በልጄ ነው። ከማሠልጠኛው ማታ ትመጣና ሳሎን ውስጥ ዓይኗን በጥቁር ጨርቅ ትሸፍናለች። ከዚያ ተንበርክካ፣ ቀኝ እጇን ከግድግዳው ሳትለይ፣ ከመኝታ ቤት እስከ ኩሽና ትድሃለች። መጀመሪያ ሰሞን ወንበር ትገለብጥ ነበር። እየቆየ ሲሄድ መሬት ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ በጣቷ ጫፍ ዳስሳ ሳትነካካው ታልፈው ጀመር። አንድ ቀን ሆን ብዬ ኮሪደሩ ውስጥ ዝም ብዬ ቆምኩ። እየዳኸች መጣች፤ እግሬ ጋ ስትደርስ ቆም አለችና «እማዬ፣ ጫማሽን ቀየርሽ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ሰውነቴን አንዳች ነገር ውርር አደረገኝ። ይህችን ልጅ የወለድኳት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ግን ከእኔ አልወሰደችውም።

የምዘናው ቀን ቤተሰብ መጥቶ ማየት ይችላል ተባለና እኔና አባቷ ሄድን። ሜዳው መሀል ኮንቴይነሮች ተበይደው የተሠራ መስኮት ያለው የብረት ቤት ቆሟል። ውስጡ እሳት አንድደውበት ጥቁር ጭስ በየቀዳዳው ይትጎለጎላል። ተፈታኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ። ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ማሰሪያ እየጎተተ፣ የጭንብሉን ዙሪያ እየዳሰሰ ይፈትሻል። ከዚያ በሩ ላይ ለቆመው ሰው ስማቸው ያለበትን ትንሽ ሰሌዳ ይሰጡታል። እሱም ያንጠለጥለዋል፤ ጀርባቸው ላይ ያዘሉት አየር ምን ያህል እንደሆነ አይቶ ይመዘግባል።

«ያ ልጅ ምንድነው የሚሰቅለው?» አለ ባለቤቴ።

አጠገባችን የነበረ ሠልጣኝ፣ «ውስጥ ማን እንዳለ ነው፣ አባባ። ሲወጡ ሰሌዳቸውን ይወስዳሉ። የተንጠለጠለ ካለ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው» አለው።

ከዚያ በኋላ የባለቤቴ ዓይን ከበሩ ጠባቂ አልተነቀለም።

ልጃችን፣ አንድ ጫፉ በሩ ላይ የታሰረ ገመድ እየዘረጋች፣ ከጓደኛዋ ጋር ገባች። የተሰጣቸው ሥራ ጭሱ ውስጥ አሸዋ የተሞላ፣ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት ፈልጎ ማግኘት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ስል የሆነ የፊሽካ ድምፅ ተሰማ። ፈታኙ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ሰው፣ በሩን አየ። ማንም አልወጣም። ፊሽካው መጮኹን ቀጠለ። በመጨረሻ ልጄና ጓደኛዋ ያን ከባድ አሻንጉሊት በብብቱ ይዘው እየጎተቱ ብቅ አሉ። ቤተሰቡ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም እልልታዬን ለቀቅሁት።

ፈታኙ እልልታው እስኪበርድ ጠበቀና፣ «ሁለታችሁም ወድቃችኋል» አላቸው።

የባለቤቴ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ዱላውን ተደግፎ ወደ ሰውየው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ። ሰው ያወጣ ሰው እንዴት ይወድቃል?»

«አባቴ፣ እርስዎ ሥራዎ ምን ነበር?»

«ይኸው ነው። እሳት አደጋ ነበርኩ።»

ፈታኙ ቆቡን አወለቀና ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። «እንግዲያው ለእርስዎ አልነግርም። ፊሽካው የሚጮኸው አየሩ ሲያንስ ነው። የቀረችው አየር የመውጫ ናት። ልጅዎ የመውጫዋን አየር ለሥራ አዋለችው። ዛሬ በሩ ቅርብ ነበር። ነገ ባይሆንስ? እሷን ለማውጣት ሌላ ሰው ይገባል። እሱን ለማውጣት ደግሞ ሌላ።» ቆቡን መልሶ አጠለቀ። «እርስዎ ጋ እንዲህ ሆኖ የቀረ የለም?»

ባለቤቴ ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። በታክሲ ስንመለስ ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ልጄም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

ያን ምሽት ራት ቀርቦ ሳንበላ፣ በትዳራችን ዘመን ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረን። ከእሱ ጋር አንድ ማዕድ የሚበላ፣ በአንድ ቀን የተቀጠረ ጓደኛ ነበረው። አንድ መጋዘን ሲቃጠል ሰው ካወጡ በኋላ ጓደኛው ሌላ ድምፅ የሰማ መሰለውና ተመልሶ ገባ። ሲገባ ያየው ሰው አልነበረም። እሳቱ ጠፋ፣ የውሃው ጎማ ተጠቀለለ፣ ሁሉም መኪናው ላይ ተሳፈረ። ሞተር ተነሥቶ ነው አንዱ «እሱስ?» ያለው።

«ማንም አልቆጠረንም» አለ ባለቤቴ። «ጀግኖች ይሉን ነበር። ግን ማንም አልቆጠረንም። ዛሬ በሩ ላይ የቆመውን ያንን ልጅ የመሰለ አንድ ሰው ቢኖረን...» ልጄ ተነሥታ እግሩ ሥር ተቀመጠች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሳሎኑ መሀል የነበረው ጠረጴዛ ግድግዳ ተጠግቷል። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

«ምን ሆነሃል?» ብዬ ጮኽኩ።

«ተጎጂ ነኝ» አለ። «ፊሽካሽን አምጪ።»

ለሰልፍ የምነፋት የትምህርት ቤት ፊሽካ ነበረችኝ። ሥራዬ፣ ልጄ አባቷን አግኝታ መጎተት ስትጀምር መንፋት ሆነ። ዓይኗን ሸፍና እየዳኸች መጣች። ደረቱን ዳሰሰች፣ በብብቱ ያዘችው። ነፋሁ። አልለቀቀችውም።

«ተይኝ!» አለ ወለሉን በመዳፉ እየመታ። «ተይኝና ውጪ!»

«አባዬ፣ በሩ እኮ እዚሁ ነው!»

«ጭስ ውስጥ ‹እዚሁ› የሚባል የለም። ገመድሽን እሰሪብኝና ውጪ። የሚቀጥለው ሰው ገመዱን ይዞ ይመጣል። ለጓደኛሽ መንገድ ትተሽ ከወጣሽ እኮ አልተውሽኝም።»

ደጋገሙት። ያን ሳምንት በየቀኑ፣ ሳሉ ሲያቋርጠው እያረፈ፣ ደግሞ እየተጋደመ። አንዴ ዓይኗ ላይ ያለው ጨርቅ በእንባ ርሶ አየሁ። እሷም አልቆመችም፣ እሱም አልተነሣም። እኔ ፊሽካዬን ይዤ ቆሜ፣ አንድ ሽማግሌ አባት ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተኝቶ የገዛ ልጁን «ጥለሽኝ ውጪ» እያለ ሲያስተምር ተመለከትኩ። ብዙ መምህራን አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ግን አይቼ አላውቅም። ቆይቶ ፊሽካው ሲነፋ እጇ ማመንታት ተወ። ገመዱን ቀበቶው ላይ ቆልፋ፣ ትከሻውን አንዴ መታ አድርጋ ትዞራለች።

በድጋሚ ተፈተነች፤ አለፈች። ሰርተፍኬቱን ስታመጣ አባቷ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው የተቀበላት።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዚፕና ክር ልገዛ አብነት ሰፈር ሄጄ ነበር። ከሱቁ ስወጣ ሰማዩ ላይ ወፍራም ጥቁር ጭስ አየሁ። ሰው ይሮጣል። ሶፋ የሚሠራበት ቤት ነው የተያያዘው፤ ስፖንጅ ሲነድ ጭሱ እንደ ሬንጅ ነው። የሠሪው ሚስት፣ ሻርፗ ከራሷ ወርዶ፣ «ባሌ ውስጥ ነው! የስፌት መኪናውን ላውጣ ብሎ ተመልሶ ገባ!» እያለች ትጮኻለች፤ ሴቶች ይዘዋታል።

የእሳት አደጋ መኪና ደረሰ። ሲወርዱ ልጄን በአረማመዷ ለየኋት። ጓደኛዋ የጭንብሏን ዙሪያ ዳሰሰላት፣ እሷም ማሰሪያውን ጎተተችለት።

«ግቡ እንጂ! ሰው እየሞተ ትተሻሻላችሁ?» አለ አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ።

እውነት ለመናገር የእኔም ልብ እንደ እሱ ይጮህ ነበር። ስማቸው ያለባትን ሰሌዳ በሩ ላይ ለቆመው ሰጡና፣ ገመዳቸውን በሩ ላይ አስረው እየዘረጉ ጭሱ ውስጥ ሰመጡ። ሌሎች ሁለት፣ ጭንብላቸውን አጥልቀው፣ በሩ ጋ ተንበርክከው መጠበቅ ጀመሩ።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ያን ስል ፊሽካ ስሰማ በዙሪያዬ ካለው ሕዝብ ትርጉሙን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እመቤቴ ማርያምን ጠራሁ። ልጄ ትወጣ ዘንድ ነው ወይስ ሰውየውን ይዛ ትወጣ ዘንድ የጸለይኩት? ዛሬም አላውቀውም።

ወጡ። ባዶ እጃቸውን።

ሕዝቡ «ኡኡ» አለ። «ፈሪዎች!» አለ አንዱ። «ሴት ይልካሉ!» አለ ሌላው። ሚስትየዋ መሬት ላይ ተዘረጋች። ልጄ ወደ ማንም ዞር አላለችም። ተንበርክከው የሚጠብቁት ጋ ደርሳ፣ ገመዱን በእጃቸው አስይዛ፣ በጣቷ ወደ ግራ አሳየቻቸው። ያን ጊዜ ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም፤ በኋላ ነው የነገረችን። ሰውየውን አግኝተውታል። የጨርቅ መደርደሪያ እግሩ ላይ ወድቆበት ነበር፤ እያነሡለት ሳለ ፊሽካው ጮኸ። ገመዱን ቀበቶው ላይ ቆልፋ፣ ትከሻውን መታ አድርጋ ወጣች።

ሁለቱ ገመዱን ይዘው፣ ግድግዳ ሳይፈልጉ፣ ጓዳ ለጓዳ ሳይዞሩ ቀጥ ብለው ገቡ። ብዙም አልቆዩም፤ ሰውየውን በመሀላቸው ይዘው ወጡ። ፊቱ ከል መስሏል፤ አንዴ እጁን ሲያንቀሳቅስ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተነፈሰ። በአምቡላንስ ወሰዱት። ሰንብቶ ዳነ፤ ዛሬ እዚያው አብነት ሌላ ቤት ተከራይቶ ይሠራል።

አምቡላንሱ እንደሄደ የቤቱ ቆርቆሮ በኃይል ጮኸና ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ምድር ተንቀጠቀጠች። እኔ ጮኽኩ። ሠራተኞቹ ግን ማንም አልደነገጠም፤ ቀድመው ከሥሩ ርቀዋል፣ ውሃውንም ከሩቅ ሆነው ነው የሚረጩት። አለቃቸው በሩ ላይ የነበረውን ሰው አየው፤ ያም ራሱን ነቀነቀ። ውስጥ ማንም የለም። ያን ጊዜ ነው አንድ ሱቅ ደጃፍ የተቀመጥኩት። የሰው ልጅ እሳትን የሚያህል ነገር ፊት እንዲህ አስቦ፣ ተቆጥሮ፣ ተጠባብቆ መቆም ይችላል ለካ።

ሚስትየዋ ከአምቡላንሱ ጋር ከመሄዷ በፊት ባሏን ተሸክመው በወጡት በሁለቱ እግር ላይ ወድቃ ነበር። «አላህ ያኑራችሁ! ልጆቻችሁን ያኑርላችሁ!» እያለች ጓንታቸውን ሳመች። ሕዝቡም አጨበጨበላቸው። ልጄን ያየ አልነበረም። እሷ አዲስ የአየር ሲሊንደር አዝላ፣ ከጓደኛዋ ጋር የውሃ ጎማ እየጎተተች ነበር። «ያገኘችው እኮ ይቺ ናት! የእኔ ልጅ ናት!» ብዬ ልጮህ አፌ ላይ ደረሰ። እሷ ግን ሁለቱን ባልደረቦቿን አይታ፣ በጭንብሏ ውስጥ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ሱቁ ደጃፍ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ያየችኝ።

«እማዬ! እዚያ አትቀመጪ፣ ጭሱ ወዳንቺ እየዞረ ነው። ሰዎቹንም ይዘሽ ወደ ላይኛው መንገድ ራቂ!»

ያ ቅድም የጮኸው ጎረምሳ ክንዴን ደግፎ አነሣኝ። «እናትዬ፣ እንሂድ፤ ራቁ ብላለች» አለኝ። ሄድን፤ ሁላችንም፣ እንዳዘዘችን።