ግራ እጄን የደበቅሁበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ገዳሪፍ ገበያ ባሚያ ስመርጥ ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ የመጣች አንዲት ወጣት ሴት ከአጠገቤ ቆማ ነበር። ሻጯ «ከየት ነሽ?» ስትላት «ከኦምዱርማን» አለች። ትንሽ ቆይታ ቲማቲሙ እየተመዘነላት ሳለ ደግሞ «እኛ መደኒ እያለን» ብላ ሌላ ከተማ ጠራችና አቋረጠችው። ሻጯ ወደ እኔ ዞራ በዓይኗ ሳቀች፤ ውሸታም ናት ማለቷ ነው። እኔ አልሳቅሁም። ገና እግሩን ያልተከለ ሰው አገሩን ሲቀያይር ማየት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ገዳሪፍ ስንገባ እኛም እንደዚያው ነበርን።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ልጃገረድ ነኝ። አገራችን ጭልጋ ነው። አባቴ የቀበሌ ሥራ ነበረው። መንግሥት ሸማቂ ይረዳል ብሎ ይጠረጥረዋል፤ ሸማቂዎቹ ደግሞ የመንግሥት ጆሮ ነው ይሉታል። አንድ ጠዋት ወደ ማሳ የሚሄድ መስሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ሱዳን ይግባ፣ ጫካ ይቅር፣ የሚነግረን አልነበረም። እናቴ እህሉን እስክንሰበስብ ድረስ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሆና ቆየች፤ ከዚያ በኋላ በሩን ዘግተን ወደ ቆላ ወረድን። ከሾዋክ ወዲያ ባለው መጠለያ በድንኳን ጥቂት ወራት ተቀመጥን፤ ዝናቡ ሳይጀምር እናቴ ሥራ ይገኝባታል የተባለችውን ከተማ መረጠች።

ገዳሪፍ የገባነው ኸሪፍ በሚሉት ክረምት መግቢያ ነው። ያን አፈር የማያውቅ ሰው ዝናቡን በደግ ያነሳዋል። ጥቁር መሬት ነው፤ ሲርስ ጫማን ከእግር ነጥቆ ያስቀራል፣ መኪናውን መንገድ ላይ ያሳድራል። የተከራየነው ሐጃ ኑራ የምትባል ሱዳናዊት መበለት ግቢ ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል ነበር። ሐጃ ከምጽዋ እስከ መተማ ዘመድ አለኝ የምትል፣ ብዙ ጊዜ ያሳለፈችው ከሐበሻ ጋር ስለሆነ አማርኛ የምትሰባብር ሴት ነበረች። አንድ አንገረብ የሚሉት የገመድ አልጋ፣ አንድ ዚር የሚሉት የውሃ ጋን ሰጠችን። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ያደረገችው የበሩን መቀርቀሪያ መፈተሽ ነው።

ከመጠለያው የወጣነው ተስሪህ የሚሉት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ሳይኖረን ነበር። ፖሊስ ከሻ ብሎ አፈሳ ሲወጣ ፈቃድ የሌለውን እየጫነ ይመልሳል። እናቴን ግን ከፖሊሱ ይልቅ ያስፈራት አማርኛ የሚናገር ሰው ነው። እዚህም የደርግ ሰው አለ፣ የሸማቂው ሰው አለ፤ ስም እየጠየቀ የሚያልፍ፣ ከዚያ የተጠየቀው ሰው የሚጠፋበት ጊዜ ነበር።

«ከየት ናችሁ ቢሉሽ ከመተማ በይ» አለችኝ። «አባትሽስ ቢሉሽ፣ ሞቷል በይ።»

«እማዬ፣ ሟርት አይሆንብንም?»

«የሞተን ሰው የሚፈልግ የለም» አለች፤ ፊቷን አዙራ።

ውሸቱን ለማጽናት ነጠላዋን ጥቁር ነከረች። ነገሩ ግን ከእጃችን ወጣ። ሐጃ ኑራ ጥቁሩን አይታ ጠየቀች፤ እናቴም ባሌ ሞቶ ነው አለቻት። በማግስቱ የሰፈሩ ሴቶች ቶብ በሚሉት ረዥም መጎናጸፊያ ተጀቡነው፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘው መጡ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው ለሟች የሚሉትን ፋቲሃ አደረጉልን። እናቴ መጀመሪያ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተቀመጠች። አንዲት አሮጊት ትከሻዋን ይዛ ማልቀስ ስትጀምር ግን እሷም ለቀቀችው። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። ይኑር አይኑር አታውቅማ። እኔም አጠገቧ ሆኜ፣ አባቴን በአፋችን እየገደልነው እንደሆነ እያሰብኩ አለቀስኩ።

ከግቢው ወዲያ ማዶ ክፍል የሚኖር እድሪስ የሚባል ሰው ነበር። ቅመም ይነግዳል፤ በርበሬና ኮረሪማ ይዞ እስከ ኸሽም ኤል ቂርባ፣ እስከ ከሰላ ይዞራል። ከመተማ ማዶ፣ ከገላባት የመጣ ነጋዴ ነው፤ አማርኛው ከእኛ አማርኛ አይተናነስም። ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ «እግዜር ያጽናሽ እቴ» አላት። ቀጠለና «ከወዴት ናችሁ?» ሲል እናቴ «ከመተማ» አለች።

«ከመተማ ከማን ቤት? የመተማን ሰው አንድ ሳይቀር አውቀዋለሁ።»

«ከከተማው አይደለም። ከገጠሩ ነው።»

«ከየትኛው ገጠር?»

እናቴ ራሴን አመመኝ ብላ ተነሳች። ከዚያን ቀን ወዲህ እድሪስ ከክፍሉ ሲወጣ እኛ እንገባለን፤ ሲገባ እንወጣለን። እሱ ግን አልተወንም። በጠዋት ዚሩ አጠገብ ሲያገኘኝ «ልጄ፣ ወንድም አለሽ?» ይለኛል። ሌላ ቀን «ቆላ ነው ደጋ ነው ያደግሽው?» ይለኛል። ከጥያቄው የባሰው ዓይኑ ነበር። ፊቴን አይደለም የሚያየው፤ እጄን ነው። ግራኝ ነኝ። ባሚያ ስከትፍ፣ ውሃ ስቀዳ፣ ከሰሊጥ መጋዘን ያመጣነውን ሰሊጥ ግቢ ውስጥ ስናበጥር፣ ቀና ስል ዓይኑ ግራ እጄ ላይ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። አሰበች፣ አሰበችና፣ «ምልክትሽን እየያዘ ነው» አለች። «ስም ይለወጣል፤ ግራኝነት አይለወጥም። ከዛሬ ጀምሮ በቀኝሽ ሥሪ።»

ክረምቱን በቀኝ እጄ ሠራሁ። ሰሊጡ ከወንፊቱ እየተደፋ፣ ቢላዋው ጣቴን እየቆረጠ፣ ሙላህ የሚሉት ወጥ ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ሁለት ጊዜ ከእጄ ወድቆ። ሐጃ ኑራ «ይህች ልጅ ምን ነክቷታል?» ትላለች። እድሪስ ያያል፤ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ዝም ይላል። ዝምታውም ያስፈራናል።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ እናቴ ወደ ከሰላ እንድንሄድ ወሰነች። ጓዛችንን ስንቋጥር እድሪስ መጥቶ ከደጅ ቆመ። ደፉን አልረገጠም።

«እቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና ሂጂ። ልጅሽ ግራኝ ናት ወይ?»

«አይደለችም።»

«ስትመጡ ግራኝ ነበረች።»

እናቴ ቋጠሮውን ማጥበቅ ቀጠለች።

«ኸሽም ኤል ቂርባ ጥጥ እርሻ ላይ አንድ ሰው አለ» አለ እድሪስ። «ስሙን በትክክል አይናገርም። ቅመም ይዤ በሄድኩ ቁጥር ከጭልጋ የመጣች ረዥም ሴት፣ ግራኝ ልጅ ያላት፣ አይተሃል ወይ ይለኛል። እናንተን ሳይ ጠረጠርኩ። አንቺ ግን ከመተማ ነን አልሽ፤ ባሌ ሞቷል ብለሽ ለቅሶ ተቀመጥሽ። ልጅቷም በቀኟ የምትሠራ ሆነችብኝ። ሰውየውን በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጠው ብዬ እስካሁን ምንም አላልኩትም።»

እናቴ የበሩን መቃን ያዘች። «የእኔ ባል ሞቷል» አለች። እድሪስ አንገቱን ነቅንቆ ሄደ።

በሩን ዘግታ መቀርቀሪያውን ጣለችበት። «እንዲህ ነው የሚያጠምዱት» አለችኝ። «ሰው የሚመኘውን አውቀው።»

«አባዬን ይዘውት ከሆነ እኛን ለምን ያጠምዱናል? ካልያዙትም እኛ የት እንዳለ አናውቅም» አልኳት። «ልሂድና ልየው።»

ያን ቀን ሙሉ ጓዙን ስትፈታና ስትቋጥር ዋለች። ሲመሽ ሐጃ ኑራን ጠርታ እውነቱን ሁሉ ነገረቻት፤ ከጭልጋ መምጣታችንን፣ ለቅሶውን ሳይቀር። ሐጃ «ያን ሁሉ ስኳር» አለች፤ ሌላ ወቀሳ አልጨመረችም። እኔን ቶብ አልብሳ እንደ እህቷ ልጅ አድርጋ ልትወስደኝ ተስማማች። እናቴ ግን አልመጣም አለች። ወጥመድ ከሆነ አንዳችን መትረፍ አለብን ብላ ነው።

እስከ ሾዋክ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሄድን። ሐጃ አፌን ከፍቼ እንዳልናገር በየኬላው ጥርሷን ያመማት ልጅ ናት እያለች አሳለፈችኝ። ጥጡ እርሻ ደርሰን ሠራተኞቹን የአባቴን ስም ጠርተን ሞላ የሚባል ሰው አለ ወይ ስንላቸው ተያዩና «የለም» አሉ። ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከቆይታ በኋላ አንዱ ተመልሶ መጣ። ከቦዩ ማዶ ደግሞ ሌላ ሰው ቆሞ ወደ እኛ ይመለከታል፤ ፀሐዩ ከኋላው ስለሆነ ፊቱ አይታየኝም።

«አንቺ ከየት ነሽ?» አለኝ የመጣው።

«ከመተማ።» አፌ ለምዶ ነው፤ ሳላስበው ወጣ።

«ሞላ ምንሽ ነው?»

ፈራሁ። «አጎቴ» አልኩ።

ሰውየው ቦዩን ተሻግሮ ነገረው። ያ የቆመው ሰው ወዲያው ጀርባውን ሰጠን፤ ፈጠን ብሎ ወደ ጥጡ ውስጥ መግባት ጀመረ። መተማ ላይ የእህትም የወንድምም ልጅ የሌለው ሰው ነውና ወጥመድ መስሎታል። አረማመዱን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ በማሳ ድንበር ላይ እንደሚሄድ ሰው አንዱን እግር በአንዱ ፊት እየተከለ። ቶቡን ከራሴ ላይ ገፍፌ ጣልኩና በሙሉ ድምፄ ጮህኩ።

«ከጭልጋ ነኝ። የሞላ ልጅ ነኝ።»

ቆመ። ሳይዞር ቆየ። ከዚያ ዞረ።

ገዳሪፍ ስንመለስ እናቴ በሩን ከመክፈቷ በፊት «ተናገር» አለችው፤ ድምፁን ለመስማት። «እኔ ነኝ» ሲላትም ወዲያው አልከፈተችም። ሐጃ ኑራ ለሰፈሩ ሴቶች መርዶው ስህተት ነበር አለቻቸው። የመጡት በእልልታ ነው፤ ስኳሩንም ደገሙት። እድሪስም መጣ፤ አባቴ እጁን ይዞ አልለቅ አለው። እናቴ ፍትፍት አቀረበችለት፣ ብላ ብላ አለችው፣ አመሰገነችው። ከጭልጋ የትኛው መንደር እንደሆነች ሲጠይቃት ግን «በዚያው አካባቢ ነው» አለችው።

እናቴም፣ አባቴም፣ እድሪስም አሁን በሕይወት የሉም። እናቴን ስወቅሳት ኖሬ ተውኩት። ከአባቴ ጋር የአንድ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ተቀምጠን አንድ ክረምት አጠፋን፤ እውነት ነው። ግን በዚያው ክረምት አገሩን ለጠያቂ በትክክል ተናግሮ የቀረ ሰውም አውቃለሁ። ጠያቂው እንደ እድሪስ ደግ ይሁን እንደ ሌላው አጥማጅ፣ ከፊቱ ላይ አይነበብም ነበር። የሚያሳዝነኝ እድሪስ ነው፤ ደግ ጥያቄ ይዞ በየበሩ ሲዞር በየበሩ ሲዘጋበት።

እናቴ እስከ መጨረሻዋ አልተለወጠችም። ካረጀች በኋላ እንኳ፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሐበሻ አገርሽ የት ነው ሲላት «ገዳሪፍ» ትል ነበር። መጀመሪያ የምትደበቅበት መልስ ነበር። እዚህ ቤት ሠራች፣ ልጆቼን አሳደገች፣ አባቴን ቀበረች፤ ያን ጊዜ በእውነት አለቀሰችለት፣ ሰፈሩም በእውነት መጣላት። መልሱ መቼ ውሸት መሆኑን እንደተወ እኔም አላውቅም፤ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።